ሸክም ወደ ዳገት

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት መንገዴ ላይ ሰሌዳ ተከሉ። «ሸክም ይዞ ማለፍ ክልክል ነው» ይላል፤ ከላይ በኦሮምኛ፣ ከታች በአማርኛ። ፊደል ያልቆጠረም እንዳይቀርበት ብለው ነው መሰለኝ፣ ጆንያ ያዘለች ሴት ሥለው በቀይ ሰርዘዋታል። ቆሜ አየሁት። ደሜ ፈላ። አጠገቤ የቆመ አንድ ጎልማሳ «ጥሩ አደረጉ፣ አሁን መንገዱ ሰላም ያገኛል» አለ። ክፉ ነገር ከአፌ ሳይወጣ ጥዬው ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

«መንገዴ» የምለው የአባቴ ርስት ሆኖ አይደለም። ፎርማን ሆኜ ያሠራሁት የመጨረሻ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ፣ ግራና ቀኙ ችግኝ የተተከለበት፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ መንገድ ነው። ረግረጉ ጋ ሲደርስ ከመሬት ከፍ ይልና የጣውላ መተላለፊያ ይሆናል፤ በአንድ በኩል ኮረብታው፣ በሌላው በኩል ወደ ታች የተዘረጋው ሣራማ ረግረግ፣ ጨፌው። መኪና የለበትም፣ አቧራ የለበትም። ስንሠራው የሰው ሁሉ ነው ተብሎ ነበር። ሸክም ያዘለች ሴት ከሰው ሁሉ ውስጥ እንደማትቆጠር የነገሩን ኋላ ነው።

ሲሸኙኝ ጋቢ አልብሰው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ኃላፊያችን ማይክ ይዞ «ኦቦ ረጋሳ የማይረሳ መንገድ ትተውልን ሄዱ» አለ፤ አጨበጨቡ። እውነቱን ነው። በዚያ መንገድ ላይ ዳሌዋ የተሰበረ አዴ ጫልቱ አትረሳውም። በብስክሌቱ የገጫት መምህር ቶለሳም አይረሳውም። እኔ ግን እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ «ገለቶማ» ብዬ አመስግኜ ጋቢዬን አስተካከልኩ።

ሥራ የጀመርኩት ዲጋ ነው፤ የጠጠር መንገድ ሲጠገን፣ በቀን ሠራተኝነት። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ያኔ አውርተንም አላደገም። ከዲጋ ያተረፍኩት ጋሼ ይመርን ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ወለጋ የሰፈሩ ግንበኛ ነበሩ። ኦሮምኛቸው የወሎ ቅላጼ ስለነበረው ሠራተኛው ሲስቅባቸው አብረው ይስቁ ነበር። እኔም የአማርኛዬን ግማሽ የለቀምኩት ከእሳቸው አፍ ነው።

ጋሼ ይመር «መንገዱ አለቀ» ብለው አያውቁም። «ሸክም ይመስክር» ነበር የሚሉት። ገረጋንቲው ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ ጠርዙ በሲባጎ ተለክቶ ሲያበቃ የገበያ ቀን ይጠብቃሉ። ከዚያ ግማሽ ኩንታል በቆሎ በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ እንደ ገበያተኛ ሴት ጎንበስ ብለው፣ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ መልስ ይሄዱበታል። የእኔ ሥራ ከኋላ መከተልና ባላሰቡት ሰዓት «ፈረስ መጣ!» ብሎ መጮኽ ነው። እሳቸው ቀና ሳይሉ ወደ ጎን ይላሉ። እግራቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ችካል እመታለሁ። በማግስቱ ችካሎቹን አይተን ጠርዙን እናፈርሳለን፣ ቱቦውን እናዛውራለን፣ ያልታሰበበት ቦታ እናሰፋለን።

አንድ ቀን ድካሙ አማርሮኝ «ጋሼ፣ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሠርተናል፤ ምን ቀረን?» አልኳቸው።

«ሥዕሉን ማን ሣለው?»

«መሐንዲሱ።»

«ተሸክሞ ነው የሣለው?» አሉና ሳቁ። «ስማኝ ወንድሜ፤ እጁን እያወናጨፈ የሚሄድ ሰው ዓይን አለው፤ ያያል፣ ይመርጣል። የተሸከመ ያለው እግሩ ብቻ ነው። መንገድ የምንሠራው ለእግር ነው። አብሽር፣ ትለምደዋለህ።»

ለመድኩት። ከዚያ ሁሉ ችካል የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቀሪው ነገር ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነውና። የእኛ አገር መንገድ የተረተር ጎን ይዞ የሚሄድ ነው፤ አንድ ጎኑ ዳገት፣ አንድ ጎኑ ቁልቁል። ከኋላ ፈረስ ወይም ከብት ሲመጣ ሸክም ያለበት ወደ ዳገቱ ይጠጋል፣ ባዶው ወደ ቁልቁሉ ይወርዳል፤ ከኋላ የመጣውም በዚያው በቁልቁሉ በኩል ያልፋል። የተሸከመ ሰው ቢንሸራተት ኮረብታው ይደግፈዋል እንጂ ገደል አይገባም። ይህንን ማንም ተቀምጦ አያስተምረውም። የገጠር ሴት ከኋላዋ ድምፅ ስትሰማ እግሯ ራሱ ወደ ዳገቱ ይሄዳል። ጋሼ ይመር ወሎም እንዲሁ ነው ይሉ ነበር።

ከዲጋ በኋላ ኑኑ ቁምባ ላኩኝ፤ በዚያን ጊዜ ተቀጥሬ፣ አሥር ሰው የማዝ ሆኛለሁ። አለቃዬ ከመኪና የማይወርድ ሰው ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አለቀ?» ይላል፤ «አለቀ» ስትለው መስኮቱን ይዘጋል። አንድ የእግረኛ ድልድይ ስንሠራ መደገፊያውን በአንድ ጎን ብቻ እንድናደርግ ታዘዝን፤ ያውም በተሳሳተው፣ ሸክም ያለበት ሰው በማይጠጋበት ጎን። በቆሎዬን አዝዬ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበትና መደገፊያውን አንሥቼ ወደ ሌላው ጎን ወሰድኩት። አለቃዬ አልታወቀውም፤ ሰዉ ግን ዛሬም እሱን ይዞ ይሻገራል። ይህን የምናገረው ጉራ ለመንፋት አይደለም። የሚቀጥለውን ስታነቡ «ምስኪን፣ አላወቀም ነበር» እንዳትሉልኝ ነው። አውቅ ነበር።

ነቀምቴ ከተዛወርኩ በኋላ ብዙ ዓመት ድንጋይ ሳነጥፍ ኖሬ፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ተኩል ሲቀረው የወንዙ መንገድ መጣ። ከልቤ ወደድኩት። የታጠበ ልብስ ለብሶ የሚንሸራሸርበት ብቻ ሳይሆን፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ገበያተኞች ከከባድ መኪና የሚገላገሉበት መንገድ ነው ብዬ ነበር። ብስክሌትም በዝቷል፤ የባጃጅ ሒሳብ ያንገሸገሻቸው መምህራንና የጤና ሠራተኞች ሁሉ እየገዙ ነበር። እነሱንም ከአስፋልቱ ያወጣቸዋል።

ጣውላውን እንደ ልጅ ነው የተንከባከብኩት። ቋሚው ባሕር ዛፍ ረግረግ ውስጥ እንዳይበሰብስ እግሩን ሬንጅ አጠጣነው። ጣውላውን በወርዱ ነው ያጋደምነው፤ በቁመቱ ቢሆን የብስክሌት ጎማ በሽንቁሩ ይያዛል። በመካከላቸው ውኃ የሚያንጠባጥብ የጣት ክፍተት ተውኩ። ሚስማሩ ሁሉ አናቱ ጠልቆ ተመታ። ክረምት ሲገባ እንዳያንሸራትት ፊቱን በመሮ አሻከርነው። መዳፌን እየጎተትኩ ነው የፈተሽኩት፤ መዳፌን ከቧጨረው ደግ ነው፣ ከለሰለሰው ይደገማል።

ንድፉ በየትኛው ቢሮ እንደተሣለ አላውቅም፤ ሜዳ አገር እንደሆነ ግን እምላለሁ። እግረኛው በጨፌው በኩል፣ ብስክሌቱ በኮረብታው በኩል። ለምን? ጨፌው ያምራል፤ የሚንሸራሸር ሰው እያየ ይሂድ ነው። በመካከሉ አራት ጣት ከፍታ ያለው የመለያ ወራጅ እንጨት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመትቷል። ሥዕሉን እንዳየሁ የጋሼ ይመር ችካሎች ትዝ አሉኝ። ሸክም ያለባትን ሴት በቁልቁሉ በኩል፣ ከኋላ የሚመጣውን በዳገቱ በኩል አድርጎታል። ተገላቢጦሽ ነው። ነገር ግን «እንጨቱ አለ፤ እግሯ ቢሄድ እንኳ እንጨቱ ይመልሳታል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ተናግሬ ማስቀየር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ምርቃቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኃላፊው እንግዶች አስከትሎ መጣ። ጫፉ ላይ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ፤ ፎቶውን አየና ፊቱን አኮማተረ።

«ኦቦ ረጋሳ፣ ይሄ እንጨት መንገዱን አጠበበው። ለሁለት የተሰነጠቀ ነው የሚመስለው። ይነሣና በነጭ ቀለም ይሰመር።»

«ጌታዬ፣ እንጨቱ እግር ይመልሳል» አልኩ።

«ቀለሙስ? ሰው ማየት አይችልም?»

የተሸከመ ሰው የሚያየው ከፊቱ ሁለት ጣውላ ያህል ብቻ ነው ማለት ነበረብኝ። እንግዶቹ ይሰሙ ነበር፤ ሁሉም ወጣት መሐንዲሶች፣ ሁሉም ኮምፒውተር ያዘሉ። «እሺ» አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እኔ ግን ገደሉንም አይቼ ነው የገባሁበት። በማግስቱ በራሴ ዲጂኖ እንጨቱን ነቀልኩት። ለሠራተኞቹ አልሰጠሁም፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፈተናውንም አላደረግኩትም። የሚያናድደኝ ከሁሉ በላይ ይሄ ነው። ማንም አልከለከለኝም። በቆሎው ቤቴ ነበር፣ ገመዱም ነበር፣ የገበያ ቀንም ደርሶ አለፈ። ያ ሁሉ ወጣት መሐንዲስ እያየኝ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ፎርማን ሆኜ፣ በቆሎ አዝዬ ጎንበስ ብዬ ስሄድ ቢስቁብኝስ ብዬ አፈርኩ። ጋሼ ይመር ዕድሜ ልካቸውን የተሳቀባቸው ሰው ናቸው፤ ምንም አልሆኑም። እኔ ግን አፈርኩና የርክክቡ ቅጽ ላይ ፈረምኩ።

ከምርቃቱ በኋላ በአምስተኛው ወር፣ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ የላላ ጣውላ ላይ ሚስማር ልመታ ጎንበስ እንዳልኩ ደወል ሰማሁ። ቀና ስል አዴ ጫልቱን አየኋት። ከወንዙ ማዶ ነው የምትመጣው፤ አንጮቴ የሚባለውን የእኛን አገር ሥራ ሥር አምርታ ገበያ የምታወርድ፣ ሳታልፍብኝ የገበያ ቀን የማይውል፣ ጎንበስ እንዳለች «አካም ቡልተን ኦቦ ረጋሳ» ብላ ሰላም ሰጥታኝ የምታልፍ ሴት ናት። ጆንያዋን አዝላ በእግረኛው በኩል ትሄዳለች። ከኋላዋ መምህር ቶለሳ በብስክሌቱ ይመጣል። ጨዋ ሰው ነው፤ ደወሉን ከሩቅ ደወለ፣ ደግሞ ደወለ፣ በራሱ መስመር ነው ያለው። እሷም ጨዋ ናት፤ መንገድ ልትለቅለት ፈለገች። ወደ ዳገቱ ሄደች።

መጮኼን አስታውሳለሁ፤ ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላስታውስም። አንጮቴው ጣውላው ላይ ተበትኖ ወደ ጨፌው ተንከባለለ። ቶለሳ ክርኑ እየደማ «ሃርሜ! ሃርሜ!» እያለ፣ እናቴ እናቴ እያለ ይንበረከካል። እሷ «ዋቀዮ» ብላ አምላኳን ብቻ ነው የጠራችው። የወደቀችው ነጩ ቀለም ላይ ነው። ቀለም የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። ቶለሳ ሳይደውል ሹልክ ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ምንም ባልሆነች። እሷም ባለጌ ሆና መንገድ ባትለቅለት ምንም ባልሆነች። ሁለቱም ደንቡን ስላከበሩ ዳሌዋ ተሰበረ።

ሦስት ሰዎች ሊያጣሩ ተላኩ። አንዱ ወረቀቱን እያየ «የመለያው መስመር በትክክል ተቀብቶ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«በግልጽ ይታያል?»

«አዎ።»

የተጠየቅኩትን መለስኩ። ስለ እንጨቱ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሣሁም። ጡረታዬ ሊደርስ ነው፤ ፋይሌ አንድ ቢሮ ተጎልቶ ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኔ ግን መጮኹም ቀርቶብኝ ጭራዬን ብቻ ቆላሁላቸው።

ነገሩ በጃርሳ ቢያ፣ በአገር ሽማግሌ ተያዘ። እኔም የአካባቢው ሰው ነህና ተብዬ ተጠራሁ። ቶለሳ ሽማግሌዎቹ ፊት ወድቆ የአዴ ጫልቱን ጉልበት ስሞ «ዲፋማ፣ ይቅርታ ሃርሜ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ተቻኩዬ ነው» አለ። አልተቻኮለም ነበር። ሰው ሁሉ «ገደላት» ሲለው ራሱን የተቻኮለ አድርጎ ቆጠረ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ወደ እሷ ዞረው «አንቺም ብትሆኚ፣ ልጄ፣ መስመርሽን መልቀቅ አልነበረብሽም» አሏት። አንገቷን ደፋች። «የባላገር ነገር ነው፤ ደደብ ነኝ፣ አላወቅኩም» አለች። ከእኔ እስከ እሷ ሁለት ክንድ አይሆንም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ነው የሚባለው። የገባውን እኔ አውቃለሁ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ አለፈ። ቶለሳ ብስክሌቱን ሸጠ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት ይቀመጥ የነበረው ሰው በር አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። አዴ ጫልቱ በምርኩዝ ቀረች፤ ልጆቿ «አንቺ መንገድ አታውቂም» ብለው ብቻዋን አያስወጧትም። እኔ ጋቢ ለበስኩ። ከዚያ ያ ሰሌዳ ተተከለ፤ የእሷን ጥፋት ለአገር ሴት ሁሉ አደረጉት።

ሰሌዳውን ባየሁ ማግስት ቢሮ ሄድኩ። የእንጨቱን ነገር፣ የጎኖቹን መገልበጥ፣ የራሴን ዝምታ በሁለት ገጽ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ኃላፊው ቁጭ ይበሉ ብሎኝ አነበበው። ፈገግ አለ።

«ኦቦ ረጋሳ፣ አሁንማ ይረፉ እንጂ። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ወረቀት ያንከራትተዋል?»

«ሰሌዳውን አንሡት። ጎኖቹን ቀይሩ፤ ብስክሌቱ በጨፌው በኩል ይሂድ። እንጨቱን እኔ ራሴ በነፃ እመታዋለሁ።»

«የተመረቀ መንገድ ነው እኮ!»

«የተሰበረችውም ሴት ሰው ናት እኮ!» አልኩና ጠረጴዛውን መታሁት። በሠላሳ ስድስት ዓመት አለቃ ፊት ጠረጴዛ ስመታ የመጀመሪያዬ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ሰሌዳው ዛሬም እዚያው አለ።

ከዚያ መምህር ቶለሳን ከትምህርት ቤቱ በር ጠብቄ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ጉልበቷን ስስም እዚያው ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳውን አንሥቶ «ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው የሚነግሩት፤ ይምጡ፣ አብረን እንሄዳለን» አለኝ።

አዴ ጫልቱ ደጃፏ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንጮቴ ትልጣለች፤ ምርኩዟ አጠገቧ ተጋድሟል። ቶለሳን ስታይ ደነገጠች፣ ከዚያ አስቀመጠችን። ሁሉንም ነገርኳት። እንጨቱ እንደነበር፣ ለፎቶ ብለን እንደነቀልነው፣ ጎኖቹ እንደተገለበጡ፣ እኔ እያወቅኩ እንደፈረምኩ። ስጨርስ ቢላዋዋ እጇ ላይ ቆሞ ነበር።

«ቆይ» አለች። «እኔ የሄድኩት ወደ ትክክለኛው ጎን ነው?»

«ወደ ትክክለኛው ጎን ነው።»

«እሱም በመስመሩ ነበር?»

«በመስመሩ ነበር። ሁለታችሁም አላጠፋችሁም።»

ልጆቿ ያሏትን፣ ሽማግሌው ያሏትን፣ ራሷን ያለችውን እየመለሰች የምትሰማ ይመስላል። ከዚያ ዓይኗን ቀና አድርጋ፣ እስከዚያች ቀን አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ለመናገር ጡረታህ እስኪከበርልህ ነው የጠበቅከው?»

ቶለሳ ተነሥቶ ምርኩዟን አቀበላት። ተደግፋው ወደ ውስጥ ገባች። እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ፤ ማንም ግባ አላለኝም።